በግምት የተነበበ ቤት

ለንደን፣ ዊልስደን
ኦክቶበር 14 ቀን 2024

ለውድ ወንድሜ ለጥላዬ፣

ለጤናህ እንዴት ሰነበትክ? ባለቤትህና ልጆችህስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤህ የደረሰኝ በጁን መጀመሪያ ነው፤ መልሱን የምጽፈው ይኸው ዛሬ ነው። ይቅርታ አድርግልኝ። ተቀይሜህ አይደለም። ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት፣ ላዩ ላይ ሌላ ወረቀት ተቀመጠበት፣ በዚያው ቀረ። ጆሮህ ስልክ አልሰማ ማለቱ ያሳዝነኛል፤ ለእኔ ግን፣ እውነቱን ልንገርህና፣ መጻፉ ይሻለኛል።

ስለ ባለቤቴ ስለ ወንድይራድ ጠይቀኸኛል። ደህና ነው። እንደ ዕድሜው ነው። ሰላም ብሎሃል።

ጽሕፈቴ ከተጣመመብህ ቀኝ እጄ አንጓው ላይ ተሰብሮ ስለነበር ነው። ደረጃ ላይ ወድቄ ነው። አሁን ድኗል።

ምክርህን የምፈልገው ስለ መብራት ቆጣሪ ነው። ደረጃው ሥር ባለው ቁም ሳጥን ውስጥ ያለው ቆጣሪያችን እኛ ወደዚህ ቤት ከመግባታችን በፊት የተተከለ ነው፤ ያ ዲስኩ የሚሽከረከረው ዓይነት። የመብራት ኩባንያው ጊዜው አልፎበታል፣ ቁጥሩን ራሱ በሚልክ በስማርት ሚተር እንቀይርልሽ ብሎ ሦስት ጊዜ ጻፈልኝ። በነጻ ነው። እምቢ ማለትም ይቻላል፤ ግን እምቢ ላለው ሰው መልሰው መላልሰው ይጽፋሉ።

ሶልያናን ታውቃታለህ፣ ነገር ማሳደር አትወድም። ከሃክኒ በየቀኑ ትደውላለች። «ማሚ፣ ቡክ አድርጊውና ይለቅ» ትለኛለች። አብራን የምታስቀድስ አልታየሽ የምትባል ሴት ደግሞ በፍጹም እንዳታስገቢ አለችኝ። እሷ የምታውቃት አንዲት ሴት ቤት ማንም ሳይመጣ፣ ከቢሯቸው ሆነው ቆጣሪውን ወደ ካርድ ቀየሩባት አለችኝ። ካርዱ ሲያልቅ መብራቱ ይሄዳል። ደግሞም በየግማሽ ሰዓቱ ምን እንደምትሠሪ ይጽፋል አለችኝ።

ሁለቱንም ሰማኋቸው። ሁለቱም ልክ ይመስሉኛል። እንዲህ ያለውን ነገር የሚጨርሰው ወንድይራድ ነበር። አንተ ሠላሳ አንድ ዓመት የናዝሬትን ሕዝብ ቆጣሪ ስታነብ ኖረህ ጡረታ የወጣህ ሰው ነህና አንተ ንገረኝ። የትኛውንም ብትለኝ ግድ የለኝም። ብቻ አንድ ሰው አንዱን ይበለኝ።

ለሁሉም ሰላምታዬን አድርስልኝ።

እኅትህ ኂሩት


አዳማ
ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርሽ እኅቴ ለእትዬ ኂሩት፣

እንደምን አለሽልኝ? እኛ ከጆሮዬ በስተቀር ሁላችንም ደህና ነን። ፖስታው ላይ ናዝሬት ብለሽ ብትጽፊም ደርሶኛል፤ ፖስታ ቤት ያለው ሰውዬ ልማድሽን ያውቃል። እጅሽ መሰበሩን አሁን መስማቴ ከፋኝ። የእጅ ነገር ብርድ አይወድም፣ ሸፍኚው።

ወደ ቆጣሪው ልምጣ። መጀመሪያ አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። እኔ ራሴ በግምት ሞልቼ አውቃለሁ። ክፉ ውሻ ያለበት ግቢ ነበር፤ አራት ወር ሙሉ በሩ ላይ ቆሜ ያለፈውን አይቼ ጻፍኩ። በአምስተኛው ወር ስገባ ሰውየው ያልተጠቀመበትን ሲከፍል ከርሟል። ስማርት የምትዪው ዕቃ ይህንን ያስቀራል። ቁጥሩን ራሱ ይልካል፣ ውሻም አይፈራም፣ አይሳሳትምም፤ ቢሳሳትም እንደኔ አፍሮ አይደብቅም። ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እኛ ቤትም ካርድ ቆጣሪ ከተተከለ ስድስት ዓመቱ ነው። ስንት እንደቀረን እናያለን፣ ምጣድ ስንሰካ ቁጥሩ ሲሮጥ እናያለን፤ ባለቤቴ ከዚያ ወዲህ ቆጣቢ ሆናለች። ክፋቱ ካርዱ እሑድ ቀን ሲያልቅ ነው። የሚለምኑት ሰው የለም። ለእኔ ሲሆን «ነገ እከፍላለሁ፣ ዛሬን እለፈኝ» ይሉኝ ነበር፣ አልፋቸዋለሁም። ስለዚህ አልታየሽ ያለችሽ የፈጠራ ወሬ አይመስለኝም። ከመፍቀድሽ በፊት ሳያስታውቁሽ ወደ ካርድ እንደማይቀይሩብሽ በጽሑፍ ጠይቂያቸው።

ሌላው ክፋቱ ሰው አለመምጣቱ ነው። ቀበሌ ስምንት አንዲት አሮጊት ነበሩ፣ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። በሄድኩ ቁጥር በጣሳ ውሃ ይሰጡኛል። አንድ ወር ባንኳኳ ዝም አሉ። በመስኮት አጮልቄ ቆጣሪውን ሳይ ካለፈው ወር ከፍ ያለው በጥቂቱ ነው። ጎረቤት ጠርቼ በሩን ገፋነው። መኝታ ቤት ወድቀው ነበር። ደረስንላቸው። አሁን ማን ያያል? ቁጥሩ ይሄዳል እንጂ የሚያየው ሰው የለም።

ለመወሰን ግን የናንተን አነባበብ ልየው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሦስት ጊዜ አንብቢና ጻፊልኝ። ቢሉ ላይ ያለውንም ግምት ጨምሪበት። ጋሽ ወንድይራድ ደግሞ ሁለት መስመር በእጁ ይጻፍልኝ። እኔን ይዞኝ ሄዶ መሥሪያ ቤት ያስቀጠረኝ እሱ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ያለ እሱ ሐሳብ ምክር መስጠት ያሳፍረኛል።

በጸሎትሽ አስቢን።

ወንድምሽ ጥላዬ


ለንደን፣ ዊልስደን
ዲሴምበር 10 ቀን 2024

ለውድ ወንድሜ ለጥላዬ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። እዚህ ብርድ ነው። እጄን ሸፍኜዋለሁ።

ያልከኝን ቁጥር ይኸውልህ። ኖቬምበር 25፣ 48212። ዲሴምበር 2፣ 48233። ሦስተኛውን ትናንት፣ ልክ ሳምንቱ በሞላ ቀን አነበብኩት፤ 48254 ነው። ኩባንያው በግምት የሚያስበው ለሁለት ሳምንት መቶ ሠላሳ ገደማ ነው። ለምን ትክክለኛውን አልሰጠሻቸውም ትለኝ ይሆናል። ሶልያናም ትለኛለች፤ በስልክ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አልሰጠኋቸውም። ምክንያት የለኝም።

ወንድይራድ መጻፍ ትቷል። እጁ ይንቀጠቀጣል። ሰላምታህን ነግሬዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ሶልያና ቤቷ ወስዳ የእሷን አሳየችኝ። ኩሽናዋ ውስጥ ትንሽ ስክሪን አለ። አረንጓዴ መብራት ያበራል፤ ውሃ ማፍያውን ስትጥደው ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ ኦቨን ሲጨመርበት ቀይ ይሆናል። ሦስት ጊዜ አጠፋችው አበራችው። እኔም ቆሜ አየሁት። «ኢዝንት ኢት ኩል?» አለችኝ። ጥሩ ነው አልኳት። ለእሷ ገንዘቡ አይደለም ነገሩ። የእኔን ቆጣሪ በስልኳ ማየት ነው የምትፈልገው። «ማሚ፣ አት ሊስት ጠዋት መነሳትሽን አውቃለሁ። ውሃ ካፈላሽ አይቼ ሥራዬን እሠራለሁ» አለችኝ። ከዚያ ምሳ በላን፣ በአውቶቡስ ተመለስኩ።

ለጃንዋሪ ቀጠሮ ይዘውልኝ ነበር። ትናንት ደውዬ ካንስል አደረግሁት። ስልኩን ያነሳችው ሴት ለመመዝገብ ጥቂት ጥያቄ አለኝ ስትል ዘጋሁት።

ያሮጊቷን ታሪክ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ኖሩ?

ሰላም ሁን።

ኂሩት


አዳማ
ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእኅቴ ለእትዬ ኂሩት፣

እንኳን ለልደቱ በሰላም አደረሰሽ። አሮጊቷ አራት ዓመት ኖሩ።

ይህን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ዛሬ እንደመጣልኝ እጽፈዋለሁ፤ ካስቀየምኩሽ ታናሽሽ ነኝና ይቅር በዪኝ።

በቀን ሦስት ኪሎዋት ይቆጥራል ቤትሽ። ሁለቱም ሳምንት እኩል ነው፤ ሃያ አንድ፣ ሃያ አንድ። አምና በዚህ ወቅት የጻፍሽው ደብዳቤ እዚህ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ወንድይራድ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እግሩ ሥር አድርጎ ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ያያል፣ ቤቱ እንደ አፋር ሆኗል ብለሽ ቀልደሽ ነበር። እንዲህ የሚሞቅ ሰው በክረምት ለንደን ካለበት ቤት ሦስት ኪሎዋት አይወጣም። የኩባንያው ግምት ካለፉት ዓመታት ነው የተወሰደው፤ ልኩ እንግዲህ እሱ ነበር። እትዬ፣ ይህ የሁለት ሰው ቤት አይደለም። የአንድ ሰው ቤት ነው፤ ያም ሰው ብዙ ምግብ አይሠራም።

ሶልያናም «መነሳትሽን» ነው ያለችሽ፤ «መነሳታችሁን» አላለችም።

ስለዚህ በግልጽ እጠይቅሻለሁ። ጋሽ ወንድይራድ በሕይወት አለ? መርዶ ሸሽገሽኝ ከሆነ አትሸሽጊኝ። ሰባ ዓመቴ ነው። ማዘን አያቅተኝም። ለልጆቼ አላነበብኩትም፣ ለባለቤቴም አልነገርኳትም። የምትጽፊልኝን የማየው እኔ ብቻ ነኝ።

ወንድምሽ ጥላዬ


ለንደን፣ ዊልስደን
ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2025

ለወንድሜ ለጥላዬ፣

በሕይወት አለ። መጀመሪያ ይህን ልጻፍልህ።

ቤት ግን የለም። ካለፈው ጁን ጀምሮ ኬር ሆም ነው ያለው፤ ሽማግሌዎችን የሚጠብቁበት ቤት። ከዚህ ሩቅ ነው፣ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል አጠገብ፤ አማርኛ የምትችል ሠራተኛ ያለችው እዚያ ስለሆነ ሶልያና እሱን መረጠች። ማክሰኞና ዓርብ እሄዳለሁ። አንድ ባቡር ነው፣ ከዚህ እስከ መጨረሻው ፌርማታ።

ነገሩ የጀመረው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ስም ይረሳል፣ ቁልፍ ይረሳል እንጂ ሌላ አልነበረውም። ኋላ ጠዋት ጠዋት የድሮ ዩኒፎርሙን ለብሶ ይወጣ ጀመር። አውቶቡስ ሊነዳ ነው። ጡረታ ከወጣህ አሥራ ሦስት ዓመትህ ነው ብለው አይሰማኝም፤ አረፈድኩ ብሎ ይቆጣል። ጁን ላይ ደረጃው ጫፍ ላይ ልይዘው ስል ገፋኝ። ሆን ብሎ አይደለም። እኔን ማን እንደሆንኩ አላወቀም። እኔ ወደቅኩ፣ እሱ በላዬ ተራምዶ ሄደ። ፖሊስ ዋናው መንገድ ላይ አውቶቡስ ፌርማታ ቆሞ አገኘው።

ከዚያ ሆስፒታል ስብሰባ ተደረገ። ሶሻል ወርከሯ ተናገረች። እንግሊዝኛው አልጠፋኝም፤ ሶልያና ግን ሁሉንም በአማርኛ ደገመችልኝ። ሁለቴ ሰማሁት ማለት ነው። ኬር ሆም እንዲገባ ፈርሚ አሉኝ። ቀኝ እጄ ጄሶ ውስጥ ስለነበረ በግራዬ ፈረምኩ። የእኔ ፊርማ አይመስልም።

ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች አሞት ተኝቷል ብያለሁ። ባሏን አውጥታ ሰጠች እንዳይሉኝ ነው። ላንተም ያልጻፍኩት ለዚሁ ነው። አላለቀስኩም። ሰው ሲያለቅስ ሳይ እንኳ ምን እንደሚሰማው አስባለሁ እንጂ አይመጣልኝም። እነሳለሁ፣ ሻይ አፈላለሁ፣ ባቡር እይዛለሁ።

ስለ ቆጣሪው ደግሞ አሁን ይገባሃል። የቤቱ ቢል በእሱ ስም ነው። የአዲሱ ቆጣሪ ፎርም በቤቱ ውስጥ ስንት ሰው ይኖራል ይላል። እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩበት፣ መሙላት አልቻልኩም። ኩባንያው ካለፉት ዓመታት እያሰበ ስለሚልክ በእነሱ ወረቀት ላይ አሁንም ሁለት ነን። ቢል በመጣ ቁጥር የእሱን ማሞቂያ፣ የእሱን ቴሌቪዥን ቆጥረውበታል። ይቆጠር ብዬ ተውኩት። አዲሱ ዕቃ ከገባ ግን በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰው ብሎ ይጽፋል።

ይኸው ነው። ብትቆጣም ተቆጣ።

ኂሩት


አዳማ
መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእኅቴ ለእትዬ ኂሩት፣

ተቆጥቻለሁ። አልዋሽሽም። ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም። የተቆጣሁት ግን በፈረምሽው አይደለም። ስምንት ወር ብቻሽን ይዘሽው በመቀመጥሽ ነው። እኔ እዚህ ስለ ጆሮዬ ሳማርር አንቺ የተሰበረ እጅ ይዘሽ ደረጃ ወድቄ ነው ትዪኛለሽ።

ስለ ሰው አፍ አትጨነቂ አልልሽም፤ ሰው ያወራል። ባለቤቴ ግን፣ ቆይቼ ነገርኳት፣ አንድ ነገር አለች። «ሁለቱም ደረጃ ላይ ቢሞቱ ኖሮ ማን ይፈርም ነበር?» አለች። እንደነገረችኝ ጻፍኩልሽ።

አሁን እንደ ቆጣሪ አንባቢ ልናገር። ቆጣሪውን አስገቢ። በማይኖር ሰው ስም ስትከፍዪ መኖር የለብሽም፤ ጋሽ ወንድይራድ ራሱ ቢያውቅ አይፈቅድም። እኔን ያስቀጠረኝ ቀን «የሰው ቤት ስትገባ ያየኸውን ጻፍ፣ ያላየኸውን አትጻፍ» ብሎኝ ነበር። በውሻው ግቢ ጊዜ ባላከብረውም። ስለ ሶልያና ግን በስልክ እንድታይሽ ካልፈለግሽ እምቢ በያት። ልጅሽ ናት፣ ትደውል፣ በእግሯ ትምጣ። ደህንነትሽን በውሃ ማፍያ ከምትጠይቅ አንቺኑ ትጠይቅ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ከዚህ ጋር ለእሱ የጻፍኩት አንድ ገጽ አለ። አንብቢለት። ያውቀኛል ወይ ብዬ አልጠይቅሽም። ድምፅሽን ይስማው ብዬ ነው።

እግዚአብሔር ያበርታሽ።

ታናሽሽ ጥላዬ


ለንደን፣ ዊልስደን
ኤፕሪል 28 ቀን 2025

ለውድ ወንድሜ ለጥላዬ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ፣ ባለቤትህንም አደረሳት። ያለችውን ብዙ ቀን አሰብኩበት። አመስግንልኝ።

ቆጣሪው ገብቷል። በኤፕሪል አሥር ነው የመጡት። ቴክኒሺያኑ ጋናዊ ነው፣ ጢሙ የሸበተ፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ የገባ ሰው። አርባ ደቂቃ ያህል መብራቱን አጠፋው። ፍሪጁ ዝም አለ። እስከዛሬ ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር። እኔ ኩሽና ተቀመጥኩ፣ እሱ ከቁም ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ ይጠይቀኛል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ የሕክምና መሣሪያ አለ? የለም። ስንት ሰው ይኖራል?

«አንድ» አልኩት። «ባለቤቴ ኬር ሆም ነው።»

ለእንግዳ ሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። «እናቴም እንዲህ ያለ ቤት ናት» አለኝና ብሎኑን ማጥበቅ ቀጠለ። ሌላ ምንም አላለም። ስለዚያ ወደድኩት።

ወደ ካርድ ሳያስታውቁ እንደማይቀይሩብኝ በጽሑፍ ጠይቄ መልስ አግኝቻለሁ። ቁጥሩ በየግማሽ ሰዓቱ ይላክ ወይስ በወር ሲሉኝ በወር አልኩ፤ መምረጥ ይቻላል። ሶልያና አኮረፈች። «ማሚ፣ አይ ጀስት ወሪ» አለችኝ።

«ከተጨነቅሽ ደውዪልኝ» አልኳት።

«እደውላለሁ እኮ። ደህና ነኝ ብቻ ነው የምትዪኝ።»

«እውነትሽን ነው» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ስትደውል ደህና ካልሆንኩ ደህና አይደለሁም እላታለሁ። አንድ ቀን እንዲህ ስላት ከሥራ ወጥታ መጣች። አልጋ አንጥፋልኝ ሄደች። አዲሱ ቢልም መጣ፤ በእኔ ስም ነው፣ የአንድ ሰው ነው። አልታየሽንም ቁጭ አድርጌ ሁሉንም ነገርኳት። የመጠየቂያው ሰዓት ስንት ነው አለችኝ።

ደብዳቤህን ዓርብ ዕለት አነበብኩለት። ፊቱን ወደ መስኮቱ አድርጎ ሰማ። ጤናው ደህና ነው፣ ወፍሯል። ስጨርስ «ማነው የጻፈው?» አለኝ።

«ወንድሜ ነው። ጥላዬ ይባላል።»

«ጥሩ አድርጎ ይጽፋል» አለ። ከዚያ ዞር ብሎ አየኝ። «እርስዎስ የት ነው የሚኖሩት?»

አንቱ አለኝ፣ ጥላዬ። አርባ ሦስት ዓመት አንድ ቤት ኖረን። «ዊልስደን» አልኩት።

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«ባለቤትዎ አርፈው ነው?»

«አላረፈም» አልኩት።

ተናደደ። ድሮ ስለ ሰው ሲናደድ እንደሚሆነው ግንባሩ ተቋጠረ። «ታዲያ እንዴት ብቻዎን ይተውዎታል?» አለ። «ይህ ደግ አይደለም። ሰውየውን ባገኘው እነግረዋለሁ።»

ያን ጊዜ አለቀስኩ። ለምን አሁን እንደሆነ አላውቅም። ድምፄ ወጥቶ ነበርና አማርኛ የምትችለው ሠራተኛ፣ እታፈራሁ ትባላለች፣ ምሳውን ይዛ እየመጣች በር ላይ ቆመች። እሱ ግን አልደነገጠም። ሳህኑን ተቀበላት፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፣ ወደ እኔ ገፋው። ዶሮና ድንች ነበር።

«ይብሉ» አለኝ። «ዊልስደን ሩቅ ነው።»

እታፈራሁ ሌላ ሹካ አመጣችልን። ከአንድ ሳህን በላን።

እኅትህ ኂሩት